መርፌ ያልነካው ሸክላ

ለባለቤቴ ለሀብቴ ሙት ዓመት ቤቱን ስናሰናዳ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግነውና ከጀርባው የደረቀ ኮባ ሽታ መጣ። ቡታጅራ ለሚኖር ሰው ኮባ ምኑም አይደለም። ቅቤ ይጠቀለልበታል፣ ቆጮ ይጋገርበታል፣ ክትፎ ይቀርብበታል፤ ሲደርቅ እንደ አሮጌ ወረቀትና እንደ ሣር ክዳን ይሸታል። እኔ ግን ያን ቀን ሥራዬን ጣልኩ። ከዕድር የመጡት ወንበሮች ተደርድረው ነበርና አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥረጊያዋን እንደያዘች "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ምንም፤ የአባትሽ ሸክላዎች ናቸው" አልኳት።

ሀብቴ ሸክላዎቹን በኮባ ጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ባለ የእንጨት ሣጥን ያስቀምጥ ነበር። ትንንሾቹን ሸክላዎች ነው የምለው፤ ስፋታቸው ከቁርስ ሰሃን የማይበልጥ፣ በአንዱ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን ብቻ ያለባቸውን። የወረቀት ልብሳቸው ተቀዶ ካለቀ ዘመን ሆኖታል። እሱ ቅጠሉን ከወፍራሙ የመሐል ጅማቱ ላይ ገፎ፣ ጥላ ውስጥ አድርቆ፣ በሸክላው ልክ አጥፎ በቃጫ ያስረዋል። "ወረቀት ይፍቃል፣ ፕላስቲክ ያልበዋል፣ ኮባ ግን ቅቤን እንኳ ሳያበላሽ ያቆያል" ይል ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሸክላ ሰብሳቢዎች ሲስቁበት እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ማሰሩን ግን አይተውም። ከሞተ ጀምሮ ያንን ሣጥን ከፍቼ አላውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ልብሱን አውጥቻለሁ፣ ጫማውን ሰጥቻለሁ፣ መድኃኒቱን ጥያለሁ። ሸክላዎቹን ግን በእጄ መንካት አቃተኝ።

እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ የሸክላው ዘመን አልፎ ካሴት ገብቶ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወገን ተመድቤ የመጣሁ ልጅ እግር አስተማሪ ነበርኩ። አውቶቡሱ ያወረደኝ አቧራ ሜዳ ላይ ነው፤ የጋሪ ፈረሶች ቆመው ድርቆሽ ያኝካሉ፣ አንዲት ሴት በርበሬ በጆንያ ዘርግታ ታሰጣለች፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከቦምቦሊኖ ጋር በሃያ አምስት። ዛሬ ያ ሜዳ አስፋልት ሆኗል፤ ባጃጅ እንደ ዝንብ ይራወጥበታል፤ የት ቆሜ እንደነበር ለልጄ ላሳያት ብሞክር አንድ የሞባይል ሱቅ በር ላይ ደረስንና ባለሱቁ "ምን ልታዘዝ?" አለን። የሜዳው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ የሬዲዮ ጥገና። ውስጧ የተቀመጠው ሰውዬ ሁሉም ጠባብ ሱሪ ወደ መልበስ በተመለሰበት ጊዜ ቤልቦተሙን አልጥልም ያለ፣ አፍሮውን በማበጠሪያ ወደ ላይ የሚያነሳ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻው ላይ የሚደርስ ነበር። ልጆቹ "ቤልቦተም! ቤልቦተም!" እያሉ ይከተሉታል። እንዲጠግንልኝ የወሰድኩለትን ሬዲዮ አንስቶ ጆሮው ላይ አስጠጋና "አልታመመችም፤ ሰልችቷት ነው" አለኝ በጉራጌኛ ቅላፄው። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ሀብቴ ነበር፤ በዚያው ቀረሁ።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሸክላ ያጫውትልኛል። ራሱ የገጣጠማት የሻንጣ ማጫወቻ ነበረችው፤ ማዞሪያ ቀበቶዋ ከብስክሌት ጎማ ካላማዳሪ የተቆረጠ ነው። ያኔ ሶል የሚሉት ዓይነት ዘፈን ነበር የሚወደው፤ ጥሩምባው ቀድሞ የሚገባ፣ ከበሮው ወደ ኋላ እየጎተተ የሚመታ፣ ዘፋኙ እያለቀሰ ይሁን እየጨፈረ የማይለይ። እያንዳንዱን ከኮባው ሲፈታ እኔ ቃጫውን እይዝለታለሁ። ከሁሉም አንዱን ግን አጫውቶት አያውቅም። እኔም ስለሱ ብዙ ሰምቼ እሱን ግን አልሰማሁትም።

ሰብሳቢዎቹ "የቡታጅራው ሸክላ" ይሉታል። ሀብቴ በጉርምስናው አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ፣ በርጋ የሚባል የአገሩ ልጅ ዘፋኝ ነበር። በርጋ ከየሰዉ ለምኖ አንድ ሸክላ አስቀረጸ። ተቀባይ መቅጠር ስላልቻለ ሦስት የሰፈር ልጆች ከኋላው አቆመ፤ አንዱ ሀብቴ ነው። የተቀዱት ጠዋት ነው፤ ቁርስ አልበሉም ነበር፤ ሀብቴ ሲያወራው ሁሌ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሸክላው ታትሞ ሲወጣ በርጋ ለመስቀል አገር ቤት ወስዶ ሊሸጠው አሰበ። መቼም ለመስቀል የማይገባ ጉራጌ የለም፣ የገባም ባዶ እጁን አይገባም፣ ገበያው እዚያው ነው። ካርቶኑን በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ በበግና በፍራሽ መሐል አስጫነው። ፀሐዩ የመስከረም ፀሐይ ነው። ቡታጅራ ሲደርሱ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተጣሞ ተገኘ። የአንዳንዱ ቤት ሴቶች ለዓመታት ቆሎ ያቀርቡበት ነበር ይባላል። ዳነ የተባለው ሀብቴ ጭኑ ላይ ይዞት የመጣው ብቻ ነው፤ ሁለት ሸክላ። በርጋ ከዚያ በኋላ ሳይዘፍን ወደ ጅማ ወረደ፣ በዚያው ጠፋ። ሁለቱ ተቀባዮችም ዛሬ የሉም።

ከሁለቱ አንዱን ሀብቴ ለደገፉ ሰጠው። ጋሼ ደገፉ ወልቂጤ፣ የጅማው መንገድ ዳር ቡና ቤት ነበረው፤ ቡና ቤቱ ውስጥ ጁክቦክስ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ስሙኒ ይጥላሉ፣ ማሽኑ በክንዱ ሸክላውን ያነሳል፣ ጥሩምባው መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። የጁክቦክስ ሸክላ መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ስለሚፈልግ ደገፉ በቢላ ከፍቶታል። ሾፌሮቹ ወደዱት፤ እስኪያልቅ አስጫወቱት። ሁለተኛውን ሀብቴ በኮባ አሰረው። "የበርጋ ስም ሲወጣ ንጹሕ ቅጂ ይፈለጋል" ብሎ ነው መጀመሪያ። የበርጋ ስም አልወጣም። ሸክላው ግን ንጹሕ እንደሆነ ቀረና ንጽሕናው ራሱ ስም ሆነ።

በየመስቀሉ ማግሥት ሦስቱ ቤታችን ይሰበሰቡ ነበር፤ ሀብቴ፣ ደገፉ ከወልቂጤ በአገና በኩል ዞሮ፣ ከዚሁ ከቡታጅራ ደግሞ ኑሪ። ኑሪ ከቆሼ ከተማ በርበሬ እየጫነ የሚነግድ ሰው ነው፤ ሸክላ ውስጥ የገባው ከሁሉም በኋላ ሲሆን ከሁሉም የባሰበት እሱ ነው። በሰው ቤት ሣጥን ሥር የተረሳ ሸክላ አለ ከተባለ ገበያውን ጥሎ ይሄዳል። ጨዋታቸው ሁሌ አንድ ነው፤ የትኛው ሸክላ ነው ብርቅ፣ ማን ዘንድ ነው ያለው። እገሌ ሆሳዕና ያለው ቅጂ የጀርባው ወረቀት ተልጧል፣ እገሌ አለኝ የሚለው ውሸቱን ነው፣ ያየለት የለም። መጨረሻው ላይ ሀብቴ ተነስቶ ያንን እሽግ ያመጣል። መስኮቱ ጋ ሄደው ፈትተው በብርሃን ያገላብጡታል፤ ጭረት ይፈልጋሉ፤ ያጡና ይመልሱታል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ "ታዲያ አታጫውቱትም?" እላለሁ። ሦስቱም እንደ ሕፃን ያዩኛል። ሀብቴ "አንድ ቀን፣ ዘነቡ፤ አንድ ቀን" ይለኛል። እኔም የሱ ድምፅ ከጎኔ ነውና፣ ጠዋት ሳሙና የታለ ይላል፣ ማታ በሩን ዘጋሽ ወይ ይላል፣ አልቸኮልኩም።

በመጨረሻው ዓመት በሽታው ጉሮሮው ላይ ነበር። መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ሹክሹክታ ሆነ፣ ከዚያ እሱም ቀረ። ውሃ ሲፈልግ በጣቱ ብርጭቆውን ይመታል። ስለዚህ እኔ ሀብቴን ያጣሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ እሱን። ልጄ ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አለ፤ እሱ ግን መቀረጽ ስለማይወድ እጁን ዘርግቶ "በቃ ዝጊው" ብቻ ነው የሚለው። ሻካራ ነው። የጤናው ድምፅ፣ ያ የሬዲዮ ቤቱ ድምፅ፣ የትም የለም። ሌሊት እንዲመጣልኝ አስባለሁ፤ የሚለው ቃል ይመጣል፣ ድምፁ አይመጣም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

የሙት ዓመቱ ዕለት ሰዉ በልቶ ተሰናብቶ፣ ቄሱ ከሄዱ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀሩ። ኑሪ ጧት "አሰላሙ አለይኩም፣ አላህ ያጽናዎት እትዬ" ብሎ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ለሱና ለቤተሰቡ ለብቻ የተሠራውን ከበሉ በኋላ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ጋሼ ደገፉ ከሚኒባሱ ሲወርድ ወገቡ ተይዞ ስለነበር ፍራሽ ላይ ጋደም ብሏል። ሣጥኑን አምጥቼ መሐላቸው አስቀመጥኩት። ሁለቱም አልነኩትም። እኔ ፈታሁት። ሸክላውን መስኮቱ ጋ ይዤ ሄድኩ፤ ተነስተው መጡ፤ ደገፉም ወገቡን ረሳ።

"ከዓይን ያውጣው" አለ ኑሪ። "አንድ ጭረት እንኳ!"

"የለም" አለ ደገፉ።

"እኔስ ምን አልኩ? የለም ነው ያልኩት።"

"እንደዚህ ያለ ሸክላ የት ይቀመጣል አሁን? ወልቂጤ ነው መሄድ ያለበት። ወንድሙ እኔ ጋ ነው ያለው።"

"ያንተን ሸክላ ወንድሙ አትበለው፤ እሱ አስከሬን ነው። መርፌ በልቶት በልቶት ዘፈኑ ከታች በኩል ወጥቷል።"

"አስከሬን? አንተ በርበሬ! የኔን ሸክላ ሾፌር ሁሉ በቃሉ ይዞታል። አንድ ሸክላ ብርቅ የሚሆነው ስለተሰማ ነው። ያልተሰማ ሸክላ ምንድነው? ጥቁር ሰሃን ነው።"

"ታዲያ ጥቁር ሰሃኑን ለምን ትፈልገዋለህ?"

ደገፉ ሳቀ፤ አስነጠሰና እንደገና ሳቀ። "አሁን የጉራጌ ዞኑም ተከፍሏል አሉ፤ እናንተ ለብቻ፣ እኛ ለብቻ። ሲካፈሉ ይህን ሸክላ ለማን እንዳደረሱት አልተነገረንም።"

"ለቡታጅራ ነው የደረሰው። ስሙ ራሱ ምን ይላል?"

እንደዚህ ቀጠሉ። የሰማቸው ሁሉ ሀብቴ ቁጭ ያለ ይመስለው ነበር፤ በሱ ተራ ላይ ዝም ሲሉ ብቻ ነው አለመኖሩ የሚታወቀው። እኔ ሸክላውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። የያዝኩት በጠርዙ ነው፣ እሱ እንዳስተማረኝ።

"ይጫወት" አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

"እትዬ፣ ይህንን?" አለ ኑሪ። "ይህ እኮ መርፌ ነክቶት አያውቅም። አንድ ጊዜ ከተነካ እኮ አለቀ፤ እንደማንኛውም ይሆናል። ያልተነካ በዓለም ያለው እሱ ብቻ ነው።"

"ሀብቴ ራሱ በመርፌ አልነካውም" አልኩ፤ "አውቃለሁ።"

"ዘነቡ" አለኝ ደገፉ ቀስ ብሎ፣ "ዘፈኑን መስማት ከሆነ የፈለግሽው የኔን አመጣልሻለሁ። ይንጫጫል እንጂ ይሰማል።"

"ተቀባዮቹ ይሰማሉ?"

ደገፉ ወደ መሬት አየ። "ተቀባዮቹ ካለቁ ቆይተዋል" አለ። "የሚገቡት መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ ጋ ነው መጀመሪያ የተበላው።"

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ድምፁ እንደጠፋኝ፣ ቃሉ እየመጣ ድምፁ እንደማይመጣ። ተናግሬ ስጨርስ ኑሪ ቀረብ ብሎ ሸክላውን ከእጄ ተቀበለኝ። እምቢ ሊል መሰለኝ። ማጫወቻዋን ከፍቶ፣ አቧራዋን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ራሱ አስቀመጠው። ሰውየው ይህን ሸክላ የሱ ለማድረግ ስንት መስቀል ሲከጅል እንደኖረ ስለማውቅ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የመጣው ጥሩምባው አይደለም። እንደ ዝናብ ያለ ነገር ነው፤ ካፊያ ኮባ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው፣ ሸክላው በዞረ ቁጥር ሸሽ እያለ የሚመለስ። ኑሪ መርፌውን አንስቶ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘነበለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጭረት መፈለግ ትተን ስናየው፣ የቅጠሉ ጅማት ከዳር እስከ ዳር በስሱ ታትሞበት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከመርፌ ሲጠብቀው ኮባው ራሱ ገብቶበታል። ደገፉ "አይ ሀብቴ" አለ። ኑሪ መልሶ አስቀመጠው።

በካፊያው ውስጥ ጥሩምባው ገባ። በርጋ ዘፈነ። እኔ የሚለውን አልሰማሁም፤ የምጠብቀው ሌላ ነበር። መጨረሻው ላይ፣ በርጋ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ሦስት ልጆች ከኋላው ተቀበሉት። አንዱ ቀጭን ነው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ከመሐል። ቁርስ ያልበሉ፣ ጎረምሳ፣ ደስ ያላቸው። ከዚያ አለቀ።

አላወቅሁትም።

"ሰማሽው?" አለ ደገፉ ዓይኑን እየጠረገ። "ወፍራሙ እሱ ነው።"

"ወፍራሙ?" አለ ኑሪ። "ኧረ ተው! ቀጭኑ ነው። ልጅ ነበር እኮ ያኔ።"

"አንተ ያኔ የት ነበርክና? እኔ ነኝ ጁክቦክሱ ፊት ለፊት አብሬው የቆምኩት።"

"ቆመህ ጠየቅኸው?"

"አልጠየቅሁትም" አለ ደገፉ። "እሱ መሆኑን እናውቅ ነበር። የትኛው ነው ብሎ ማን ይጠይቃል?"

ደግመን አጫወትነው። ደግመን አጫወትነው። በስተመጨረሻ ኑሪ እጁን መርፌው ላይ አድርጎ "እትዬ፣ በደገምነው ቁጥር ይበላል" አለኝ። እኔም "ይበላ" አልኩት።

እነሱ ከሄዱ ወራት ሆነ። ሸክላው ወልቂጤም አልሄደ፣ ኑሪ ቤትም አልሄደ፤ እኔ ጋ ነው። ኮባውን ጥዬዋለሁ። ሰብሳቢዎቹ ይህን ሰምተው ብርቅነቱ አለቀ ብለዋል አሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከነዚያ እሁዶች በአንዱ፣ በጤናው ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጫውተነው ቢሆን ጣቱን አንስቶ "ይኸውና እኔ" ይለኝ ነበር። ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር፤ ያቺ ጣት ትበቃ ነበር። ሸክላውን ከጭረት አዳንነው እንጂ ያንን የሚነግረን ሰው እያረጀ መሆኑን አላየንም፤ እሱም አላየውም፤ ሦስቱም አላዩትም።

ደገፉ አንዳንዴ ይደውላል። "ወፍራሙ ነው አይደል?" ይለኛል። "አዎ ጋሼ ደገፉ" እለዋለሁ። ኑሪ በርበሬ ሊያመጣልኝ ሲመጣ ቆሞ "ቀጭኑ መሆኑን አሁን አወቁት እትዬ?" ይላል። "አወቅሁት" እለዋለሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ እቀመጥና አጫውተዋለሁ። ካፊያው በየቀኑ ይበረታል፤ ልጆቹ እየራቁ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ቀጭኑን፣ አንድ ቀን የመሐሉን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ እስካሁን አልለየሁም። ሦስቱንም እሰማቸዋለሁ። አንዱ ባሌ ነው።